አልጋ ሥር የሚቀሩ መጻሕፍት፦ ደራሲው አሳታሚም ሲሆን ሥራው የት ላይ ይሰናከላል?

ረቂቁን የጨረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማሳተሚያ ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይነቀፍም፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። መጽሐፉን ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ፣ ጽሑፉን ሌላ ዓይን ሳያየው፣ ታትሞ ሲወጣ በየትኛው መንገድ አንባቢ እጅ እንደሚገባ ሳይወስን ማተሚያ ቤት የገባ ደራሲ ውሳኔውን ሁሉ ለአታሚው አስረክቧል ማለት ነው። አታሚው ደግሞ በሙያው ትክክል የሆነ መልስ ይሰጠዋል፦ «300 ከምታሳትም 1,000 ብታደርገው የአንዱ ዋጋ ይወርድልሃል።» እውነት ነው፣ ይወርዳል። ጠቅላላ ወጪው ግን ይወጣል፤ ከስድስት ወር በኋላም አብዛኛው ቅጂ በካርቶን እንደታሸገ አልጋ ሥር ይገኛል።

ይህን ስሕተት የሚከላከሉት ሰዎች ቀድሞ በአሳታሚ ድርጅት ውስጥ ነበሩ። አንዱ ረቂቁን ይመዝናል፣ ሌላው ያርማል፣ ሌላው ገጹን ያቀናብራል፤ ስንት ቅጂ እንደሚታተም የሚወስነው ደግሞ ገበያውን የሚያውቀው ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያውን ኪንድልን ሲያወጣ ደራሲዎች ሥራቸውን በቀጥታ የሚጭኑበትን መድረክም አብሮ ከፈተ። አንድ ቅጂ ሲታዘዝ አንድ ቅጂ ብቻ የሚያትሙ ማሽኖችም ተስፋፉ። በሩ ላይ ይጠብቅ የነበረው ሰው ተነሣ፤ ከበሩ ጀርባ የነበረው ሥራ ግን እንዳለ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ዛሬ ብዙ የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚበላሸው ተሰጥኦ ጠፍቶ ሳይሆን ሥራዎቹ ቅደም ተከተላቸውን ስተው ስለሚሠሩ ነው።

ረቂቁን በሚመለከት ሒሳቡ ቀላል ነው። 60,000 ቃል የሚሆን መጽሐፍ በቀን 500 ቃል ቢጻፍ 120 የሥራ ቀን ይወስዳል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚጽፍ ሰው 24 ሳምንት መሆኑ ነው። ሰዎች ግን በዚህ ጊዜ የማይጨርሱት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ደጋግመው ስለሚያሻሽሉ ነው። መጽሐፉ ምን እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻው ሲጻፍ ስለሆነ፣ መጨረሻው ሳይኖር የተጠረበ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ቀኑ፣ ስሙ፣ ቁጥሩ ያልተጣራ ቦታ ሲያጋጥም ቆሞ መፈለግ አያስፈልግም፤ በጽሑፉ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ምልክት፣ ለምሳሌ ሦስት ኮከብ አኑሮ ማለፍ ይበቃል። በኋላ በፍለጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ ከአምስት እስከ ሰባት ለሚሆኑ አንባቢዎች ይሰጥ፤ ዘመድና የቅርብ ወዳጅ ባይሆኑ ይመረጣል። «ወደድከው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «በጣም» ብሎ ይገላገላል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የት ላይ አቆምክ? የትኛውን ገጽ ዘለልክ? የትኞቹን ሁለት ሰዎች አምታታህ? ሦስት አንባቢዎች 84ኛው ገጽ አካባቢ ካቆሙ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው 84 ላይ ሳይሆን ከ60 እስከ 80 ባሉት ገጾች ነው። ድካሙ የተጠራቀመው እዚያ ነውና።

አርትዖት አንድ ሥራ አይደለም

ከፍተኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ደራሲው ለኅትመት ያለውን ገንዘብ ሁሉ አስቀምጦ «እስቲ ፊደሏን እያት» በማለት ረቂቁን ለቋንቋ መምህር ይሰጣል። መምህሩ የፊደል ግድፈት ይለቅማል። አራተኛው ምዕራፍ ከሁለተኛው ጋር እንደሚጋጭ ማንም አልተጠየቀምና ማንም አይናገርም። አርትዖት ቢያንስ ሦስት እርከን አለው። በመጀመሪያ የይዘትና የአወቃቀር አርትዖት ይመጣል፦ ምን ይውጣ፣ ምን ይቅደም፣ የቱ ክርክር ማስረጃ ይጎድለዋል፣ የቱ ገጸ ባሕርይ ያለ ምክንያት ይጠፋል። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የሚሄደው የቋንቋ አርትዖት አለ። የመጨረሻው የእርማት ንባብ ነው፤ ይህ የሚደረገው ገጹ ከተቀናበረ በኋላ፣ በወረቀት ታትሞ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገንዘቡ ሁለቴ ይወጣል፤ የፊደል እርማት የተከፈለበት ምዕራፍ በአወቃቀር አርትዖት ተቆርጦ ይወድቃልና።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ስለሆኑ፣ «ፀሐይ» በአንዱ ምዕራፍ «ጸሐይ»፣ በሌላው «ፀሀይ» ሆና ትገኛለች። አንባቢ ላያስተውለው ይችላል፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። የአንድን ሰው ስም በመላው መጽሐፍ ለመቀየር «ፈልግና ተካ» ያዘዘ ደራሲ፣ በሌላ ሆሄ የተጻፉት ሳይለወጡ ቀርተው መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሰው ሲፈጠር የሚያየው ከታተመ በኋላ ነው። መድኃኒቱ አርትዖት ሳይጀመር የሚዘጋጅ አንድ ገጽ የሆሄያት ዝርዝር ነው። 50 ያህል ተደጋጋሚ ቃላት፣ የሰውና የቦታ ስሞች ሁሉ፣ ቁጥር በአኃዝ ይሁን በፊደል፣ የዓመተ ምሕረት አጻጻፍ፣ የጥቅስ ምልክት ዓይነት በዚያ ላይ ይሰፍራል። የትኛው ሆሄ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለሊቃውንት ይቆይ፤ ለመጽሐፉ የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት አርታኢን ይተካል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን በየቦታው ይነሣል። የተደጋገመ ቃል ለመልቀም፣ የምዕራፎችን ጭብጥ በአጭሩ አስጽፎ ፍሰቱን ለማየት ይረዳል። ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ «አሳምርልኝ» ማለት ግን አደገኛ ነው። ያልተባለ ነገር ይጨምራል፣ የሌለ ምንጭ ይጠቅሳል፣ የደራሲውንም ድምፅ ከሌላው ሁሉ ጋር ያመሳስለዋል። ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። አማዞን ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በማሽን የተፈጠረ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ትርጉም ያለበትን መጽሐፍ የሚጭን ሁሉ ይህንኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በዚያው ወር አንድ ሰው በቀን የሚጭነውን አዲስ መጽሐፍም በሦስት ገደበ። በቀን ሦስት መጽሐፍ መገደብ ያስፈለገበት ዘመን ላይ መድረሳችን ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም ሰው ያልደረሰውን ጽሑፍ በመብት እንደማይመዘግብ አስታውቋል።

ገጹ፣ ወረቀቱ፣ ሽፋኑ

የፎንት ምርጫ ከውበት በፊት የዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ውስጡ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። በወረቀት ሲታተም ችግር የለውም። ወደ ኢ-መጽሐፍ ሲቀየር፣ በስልክ ሲከፈት ወይም በፍለጋ ሲፈለግ ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ያለው ሰው ከአርትዖት በፊት ያስቀይረው፤ መቀየሪያው ራሱ አንዳንድ ሆሄ ስለሚያዛባ እርማቱ ከዚያ በኋላ መምጣት አለበት።

የገጽ ብዛት በዘፈቀደ አይወሰንም። በኦፍሴት፣ ማለትም በብዛት ለማተም በሚያገለግለው ማሽን፣ ሲታተም ትልቁ ወረቀት ታጥፎ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። 212 ገጽ የሆነ መጽሐፍ እንውሰድ። 13 እጥፍ ወረቀት 208 ገጽ ይሆናል፤ አራት ገጽ ተረፈ። ለአራት ገጽ ሲባል ተጨማሪ እጥፍ ይታተማል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ልምድ ያለው አቀናባሪ እነዚያን አራት ገጾች ያገኛቸዋል፦ ሁለት ምዕራፎች መጨረሻ ላይ ሦስት ሦስት መስመር ብቻ የያዙ ገጾች አሉ፤ ከምዕራፉ ውስጥ ጥቂት ቃላት ቢቆረጡ ይዘጋሉ። ሁለት ባዶ ገጾችም ምዕራፍ ሁሉ በቀኝ ገጽ ይጀምር ተብሎ የገቡ ናቸው። መጽሐፉ 208 ላይ ይዘጋል። ይህ የሚሠራው ግን ደራሲው ከቅንብር በኋላ «አንድ አንቀጽ ብቻ ልጨምር» እስካላለ ድረስ ነው። 40ኛው ገጽ ላይ የተጨመረ አንቀጽ እስከ ምዕራፉ ማብቂያ ያለውን ሁሉ ይገፋል፤ ማውጫው ይሳሳታል፣ የተስተካከለው ሁሉ እንደገና ይፈርሳል።

ለኤ5 መጠን፣ ማለትም ለ148 በ210 ሚሊ ሜትር፣ በጥራዙ በኩል ያለው ኅዳግ ከ20 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይሻላል። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘረጋ ኅዳጉ ጠባብ ከሆነ አንባቢ ቃላቱን ከጥራዙ ውስጥ ጎትቶ ማውጣት አለበት።

ሽፋን የሚሠራው የገጹ ቁጥርና የወረቀቱ ዓይነት ከተወሰነ በኋላ ነው። ምክንያቱም መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርዕሱ የሚነበብበት ጎን ውፍረቱ በእነዚህ ይወሰናል። በአማዞን ስሌት ለምሳሌ አንድ ገጽ በነጭ ወረቀት 0.002252 ኢንች፣ በክሬም ወረቀት 0.0025 ኢንች ነው። 224 ገጽ በነጩ 12.8 ሚሊ ሜትር ግድም፣ በክሬሙ 14.2 ይመጣል። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ርዕሱን ከመሀል አንሸራቶ ወደ ፊት ሽፋኑ ለማጠፍ ይበቃል። ምስሎች 300 ዲ ፒ አይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ፣ ቀለሙ በሲ ኤም ዋይ ኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ይዘጋጅ፣ በዙሪያው ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተው። ስልክ ላይ ደምቆ የታየ ሰማያዊ ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ስለሚሠራ ነው፤ አታሚው ስላጭበረበረ አይደለም። ሙሉው ሥራ ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና ቅጂ ተጠርዞ መታየት አለበት። እርሱን ያላየ ሰው አይፈርም።

ስንት ቅጂ?

ኦፍሴት ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የሚወጣ ቋሚ ወጪ አለው፦ ፕሌት (የገጹ ቅርጽ የሚወጣበት ብረት)፣ ዝግጅት፣ የሚበላሽ ወረቀት። ዲጂታል ኅትመት ቋሚ ወጪው ጥቂት ነው፤ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ግን ይበልጣል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ ማግኘት የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቋሚ ወጪውን በአንዱ ቅጂ የዋጋ ልዩነት ማካፈል ነው። ቋሚው 2,400፣ የኦፍሴቱ አንድ ቅጂ 4፣ የዲጂታሉ 10 ቢሆን፣ 2,400 ለ6 ሲካፈል 400 ይመጣል። ከ400 በታች ዲጂታሉ፣ ከዚያ በላይ ኦፍሴቱ ያዋጣል። ነገር ግን ኦፍሴቱ የሚያዋጣው ከተሸጠ ብቻ ነው። ያልተሸጠ ቅጂ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ሽያጩ ሲሰላ ደግሞ ብዙዎች የማተሚያውን ወጪ ከመጽሐፉ ዋጋ ቀንሰው ቀሪውን ትርፍ ይሉታል። ዋጋው 100 ነው እንበል። አከፋፋይና መደብር 45 ቢወስዱ 55 ይቀራል፤ ማተሚያው 25 ከሆነ 30 ተረፈ። ለአርትዖት፣ ለቅንብርና ለሽፋን በጠቅላላ 6,000 ወጥቶ ከሆነ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 200 ቅጂ መሸጥ አለበት። ያንኑ መጽሐፍ ደራሲው በእጁ ቢሸጠው ከአንዱ 75 ስለሚቀርለት 80 ቅጂ ይበቃዋል። የቅጂው ቁጥር መነሣት ያለበት ከዚህ ነው፦ በስም ልንጠራቸው የምንችላቸው ገዢዎች ስንት ናቸው? ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ የሙያ ቡድን፣ አስቀድሞ የተመዘገበ አንባቢ። ያ ቁጥር 150 ከሆነ ለመጀመሪያ ዙር 200 ወይም 250 ጥሩ ቁጥር ነው።

መደብር «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ብሎ የሚቀበለው መጽሐፍ የተሸጠ መጽሐፍ አይደለም። የቅጂ ብዛት፣ የሒሳብ መተሳሰቢያ ቀንና ለተበላሸ ቅጂ ማን እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ወረቀት ከሌለ፣ ከዓመት በኋላ የሚመለሰው ፀሐይ የመታው ሽፋን ይሆናል።

የኢ-መጽሐፉ ሒሳብ የተለየ ነው። በኪንድል ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ ደራሲው በሚፈቀድባቸው ገበያዎች 70 በመቶ ያገኛል፤ ከዚህ ክልል ከወጣ 35 በመቶ ነው። በ70ው ምርጫ እንደ ፋይሉ ክብደት የማድረሻ ክፍያ ስለሚቀነስ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ከሚጠበቀው ያነሰ ያስገባል። «ሴሌክት» በሚባለው ፕሮግራም የገባ ደግሞ ለ90 ቀናት ኢ-መጽሐፉን ሌላ ቦታ ሊያቀርብ አይችልም፤ በራሱ ቻናል እንኳ ቢሆን። መድረኩ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝርም አለው፤ ያ ዝርዝር መታየት ያለበት ቅንብሩ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ውልና ቁጥር

ከደራሲው ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት አገልግሎት ሰጪ ነው፤ ይህ ነውር የለውም። ነውሩ ገንዘቡንም መብቱንም አብሮ ሲወስድ ነው። የሚከፍለው ደራሲው ከሆነ መብቱ፣ ዋጋ የመወሰን ሥልጣኑና ሊስተካከል የሚችለው የቅንብር ፋይል የእርሱ ነው። ፒዲኤፍ ብቻ ተረክቦ የሄደ ሰው ሁለተኛውን እትም ለማስተካከል እንደገና ከባዶ ይከፍላል። አሳታሚው በራሱ ወጪ ሲያሳትም ደግሞ ውሉ የትኞቹን መብቶች እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍ፦ ወረቀት፣ ኢ-መጽሐፍ፣ ድምፅ፣ ትርጉም፣ ፊልም። መብቱ መቼ እንደሚመለስም በቁጥር ይቀመጥ። «መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ» የሚለው አሮጌ ሐረግ ዛሬ ወጥመድ ሆኗል፤ ኢ-መጽሐፍና በትዕዛዝ የሚታተም ቅጂ ከገበያ ጠፍተው አያውቁምና። «በተከታታይ 12 ወራት ከ50 ቅጂ በታች ሲሸጥ» የሚል ሐረግ ይሻላል።

አይ ኤስ ቢ ኤን ብዙዎች እንደሚያስቡት የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነው፤ ከጃንዋሪ 2007 ወዲህ 13 አኃዝ ሆኗል። ለወረቀት ሽፋኑ፣ ለጠንካራ ሽፋኑና ለኢ-መጽሐፉ የተለያየ ቁጥር ያስፈልጋል። መድረኮች በነፃ የሚሰጡት ቁጥር ሌላ ቦታ አያገለግልም። የቅጂ መብት ግን የደራሲያንን መብት በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መርሕ መሠረት ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ የደራሲው ነው፤ ቀን ያለባቸውን ረቂቆች ማስቀመጥ ክርክር ሲነሣ ይረዳል።

ገበያው የሚጀምረው ከምርቃቱ በፊት ነው

የምርቃት ዕለት ብዙ ቅጂ ይሸጣል፤ የሚገዛው ግን ደራሲውን የሚያውቅ ሰው ነው። በማግሥቱ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ የሚያስደነግጠው ሌላ መንገድ ያላዘጋጀውን ነው። ከመውጣቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከ20 እስከ 30 ለሚሆኑ አንባቢዎች ቅጂ ይሰጥ፤ ስለ መጽሐፉ ጉዳይ የሚጽፉ፣ የሚያስተምሩ፣ የንባብ ቡድን የሚመሩ ቢሆኑ መልካም ነው። አስተያየታቸው ተጽፎ የሚወጣው መጽሐፉ በተለቀቀበት ሳምንት እንዲሆን ቀኑ ይነገራቸው። ፒዲኤፍ የሚላክ ከሆነ በየገጹ ግርጌ የተቀባዩ ስም ይታተም፤ ስሙ ያለበትን ፋይል በየቡድኑ የሚበትን ሰው ጥቂት ነው።

ሽፋኑ ስልክ ላይ በሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲታይ ርዕሱ ካልተነበበ ሌላው ማስታወቂያ ሁሉ ይባክናል። የጀርባው ጽሑፍ 150 ቃል ያህል ይበቃዋል፤ በመስመር ላይ ሳይከፈቱ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ስለሆኑ የደራሲው የትምህርት ደረጃ ሳይሆን የመጽሐፉ ጥያቄ እዚያ ይቀመጥ። «ሁሉም ሊያነበው የሚገባ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አልተጻፈም። ስለ ስኳር ሕመም የተጻፈ መጽሐፍ ገዢው «አንባቢ ሕዝብ» አይደለም፤ ባለፈው ወር ምርመራ ተነግሮት ምን እንደሚበላ ግራ የገባው ሰውና ልጁ ናቸው። እነርሱ የሚጠይቁበትን ቦታ ማወቅ ከአሥር ቢልቦርድ ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ደራሲው የራሱ የአንባቢዎች ዝርዝር ይኑረው። ማኅበራዊ ገጽ ላይ ያለ ተከታይ የመድረኩ ነው፤ መድረኩ ሲፈልግ ልጥፉን ያሳየዋል፣ ሳይፈልግ ይደብቀዋል። በኢሜይል ወይም በስልክ ቁጥር በፈቃዱ የተመዘገበ አንባቢ ግን ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ በቀጥታ ይደረስለታል። መጽሐፉ ውስጥ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለመመዝገቢያ የሚሆን አንድ መስመር ያልጨመረ ደራሲ፣ መጽሐፉን ጨርሶ በስሜት ላይ ያለውን አንባቢ በሩ ድረስ ሸኝቶ ስሙን ሳይጠይቅ ያሰናብተዋል።

ከመጀመሪያው ዙር ቅጂ ሦስት አራተኛው ሲሸጥ የሁለተኛው ዙር ዝግጅት ይጀመር፤ ኅትመቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል እስኪያልቅ መጠበቅ ገበያውን ያቋርጠዋል። እስከዚያው አንባቢዎች የጠቆሙት ግድፈት ሁሉ ከገጽና ከመስመር ቁጥሩ ጋር በአንድ ፋይል ይመዝገብ። የፊደል እርማት ብቻ ከሆነ ድጋሚ ኅትመት ስለሆነ አይ ኤስ ቢ ኤኑ አይቀየርም። ምዕራፍ ከተጨመረ ወይም ይዘቱ በጉልህ ከተለወጠ ግን አዲስ እትም ነው፤ አዲስ ቁጥር ይወሰድለታል፣ የገጹ ብዛት ተቆጥሮም የሽፋኑ ጎን እንደገና ይለካል።